መጥቅዕ ከ14 ከበለጠስ?

ሰሞኑን አንድ ደብተር እጃችን ገባ። ባለቤቷ የአንዳችን ታናሽ እኅት ናት። 11ኛ ክፍል ነች። የምትማረው ከሰሜን ተራሮች ግርጌ ካሉት ከተሞቻችን በአንዷ ነው፤ ደባርቅ ትሁን ዳባት ወይስ መካነ ብርሃን አንናገርም፤ ነገሩ የአንድ ትምህርት ቤት ጉድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ብዕርም ባላነሣን።

ደብተሩ ያምራል። ርእሱ በቀይ፣ ማብራሪያው በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በእንግሊዝኛ፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት ተጽፏል። «ኮንዲሽናል ስቴትመንት» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ «ሉፕ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ የሉፕ ዓይነቶች፣ የሉፕ ጥቅሞች፣ በ«ፎር» እና በ«ዋይል» መካከል ያለው ልዩነት። በፈተናውም ከ20 18 አግኝታለች። እሰይ አልናት። ከዚያ ክፋታችን መጣና ደብተሩ ጀርባ ላይ አምስት መስመር ኮድ ጽፈን «እስቲ ይቺ ምን ትላለች?» ብለን ሰጠናት።

አየችው። ደግማ አየችው። «ይኼንን አልተማርነውም» አለች።

ያቺ ኮድ በአማርኛ ብትጻፍ እንዲህ ናት፦

ዙሩን ከ1 እስከ 3 እየቆጠርክ ድገም፦
ዙሩ 3 ከሆነ «በረካ» ብለህ ጻፍ፤
አለዚያ «ቡና ድገሙ» ብለህ ጻፍ።

እንዲህ ብለን ስናነብላት ሳቀች። «ይቺማ ቡና ናት!» ሁለቴ «ቡና ድገሙ»፣ ከዚያ «በረካ»። የዚያኑ ዕለት ጠዋት አቦሉንም፣ ቶናውንም፣ በረካውንም የቀዳችው እሷው ነበረች።

እንግዲህ ንገሩን፤ ይህች ልጅ ኢፍን አታውቅም? ታውቃለች። ሉፕን አታውቅም? እንዴት አታውቅ! የማታውቀው፣ የምታውቀውን እንደምታውቅ ነው። ይህንን የቀማት ደግሞ ትምህርቱ ነው። ለልጆቻችን የምንሰጠው የፕሮግራሚንግ ትምህርት ማሰቡን አውጥቶ ቃሉን ብቻ ያስቀረ ነው። ተጠያቂ ሲመጣ «ኮምፒውተር የለንም፣ መብራት የለንም» ይባላል። (መካነ ብርሃን ማለት የብርሃን ቦታ ማለት ነው፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ይህንን የሚያስታውሰን አንድ ሰላም የማይሰጥ ጓደኛ አለን።) ኮምፒውተር ቢኖር ይሻላል፤ ማን ይጠላል? ግን ኢፍን ለመማር ኮምፒውተር አያስፈልግም። ወረቀት፣ እርሳስና የሚያስብ አስተማሪ ይበቃል።

ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ባጭሩ እንበለው። ፕሮግራም ለማሽን የሚሰጥ የትእዛዝ ዝርዝር ነው። ማሽኑ ከላይ ጀምሮ አንድ በአንድ እየፈጸመ ይወርድና ታች ሲደርስ ያበቃል። መታጠፊያ እንደሌለው ሊማሊሞ ቁጠሩት፤ ቀጥ ብሎ ገደል። መንገዱን የሚያጥፉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ፣ አለዚያ ያንን» የሚለው ነው። ሌላው «ይህን ያህል ጊዜ ድገም» ወይም «እንዲህ እስከሆነ ድረስ ድገም» የሚለው ነው። በቃ፣ ይኸው ነው። በ1966 እ.ኤ.አ. ኮራዶ ቦምና ጁሴፔ ጃኮፒኒ የተባሉ ሁለት ሰዎች፣ ማሽን ሊያሰላው የሚችል ነገር ሁሉ በቅደም ተከተል፣ በምርጫና በድግግሞሽ ብቻ ሊጻፍ እንደሚችል በሒሳብ አሳይተዋል። ሁለቱም ጣሊያኖች ናቸው፤ የሊማሊሞንም መንገድ የጠረበው ጣሊያን ነው። መጠማዘዝ ያውቁበታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገራችን እንምጣ። በየዓመቱ መስከረም 1 ቀን በየቤተ ክርስቲያኑ የዓመቱ አጽዋማትና በዓላት ይታወጃሉ። ነነዌ መቼ ይገባል፣ ዐቢይ ጾም መቼ ይያዛል፣ ትንሣኤ መቼ ይውላል። ይህንን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ ነው። በእኛ አካባቢ በየደብሩ ይህንን በጣቱ አንጓ ቆጥሮ የሚነግርህ መሪጌታ አይጠፋም። ያ ሰው የሚሠራው ሥራ ፕሮግራም ነው። እንዲያው ለማሞካሸት ያልነው እንዳይመስላችሁ፤ ራሳችን ሠርተን እናሳያችሁ።

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምር፤ ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ19 አካፍልና ከቀሪው 1 ቀንስ፤ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ19 አባዛና በ30 ግደፈው፤ የተረፈው መጥቅዕ ነው። እዚህ ድረስ ተራ ሒሳብ ነው፤ መንገዱ አልታጠፈም። ቀጥሎ ግን ይታጠፋል፦ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፤ ካነሰ በጥቅምት። ኢፍና ኤልስ እንዲህ ናቸው። («እኩል 14 ቢሆንስ?» የምትሉ ጎበዞች፣ 19ኙንም ወንበር አንድ በአንድ ሠርተን አይተናል፤ 14 መቼም አይመጣም። ይህንን ስናረጋግጥ ያደረግነው ደግሞ ሉፕ ነው።)

ቀጥሎ በዓለ መጥቅዕ የዋለበትን ዕለት አይቶ ተውሳኩን መደመር ነው፤ ቅዳሜ 8፣ እሑድ 7፣ ሰኞ 6፣ ማክሰኞ 5፣ ረቡዕ 4፣ ሐሙስ 3፣ ዓርብ 2። ድምሩ ከ30 ካለፈ 30 ይጣልለታል። የተገኘው መባጃ ሐመር ይባላል፤ ጾመ ነነዌ የሚገባበት ቀን ነው። ወሩ ደግሞ በሌላ ኢፍ ይወሰናል፦ መጥቅዕ በጥቅምት ከዋለ ነነዌ በየካቲት ይገባል፤ በመስከረም ከዋለ በጥር፤ በመስከረም ውሎ ድምሩ ከ30 ካለፈ ግን በየካቲት። ከነነዌ 69 ቀን ቆጥረህ ትንሣኤ ላይ ትደርሳለህ።

በቅርቡ ያለፉትን ዓመታት እንያቸው። 2016 ላይ 5500 ሲደመር 7516፤ ለ19 ሲካፈል ቀሪው 11፤ ወንበር 10፤ መጥቅዕ 10። ከ14 ያንሳል፤ ስለዚህ ጥቅምት 10። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር፤ 8 ሲደመር 18። ነነዌ የካቲት 18፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 27። በ2017 ወንበሩ 11፣ መጥቅዑ 29 ሆነ። ከ14 ይበልጣል፤ መስከረም 29። ረቡዕ ስለነበር 4 ሲደመር 33፤ ከ30 አለፈ፤ 30 ሲጣል 3። ስለዚህ ነነዌ ወደ የካቲት ተሻገረ፤ የካቲት 3፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 12። በ2018 ወንበር 12፣ መጥቅዕ 18፤ መስከረም 18፣ እሑድ፣ 7 ሲደመር 25። ከ30 አላለፈም፤ ነነዌ ጥር 25፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 4።

ሦስት ዓመት፣ ሦስት የተለያየ መንገድ! አንዱ በጥቅምት በኩል ሄደ፤ ሁለተኛው በመስከረም ገብቶ በየካቲት ወጣ፤ ሦስተኛው በመስከረም ገብቶ በጥር ወጣ። ሕጉ አንድ ነው፤ የገባበት ቁጥር ሲለወጥ የሚሄድበት መንገድ ይለወጣል። ሁኔታ የፕሮግራምን አካሄድ ይመራል የሚባለው ይህ ነው። የትኛው መማሪያ መጽሐፍ ነው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ያለው? እኛ የተማርንበትማ «ውጤቱ ከ50 ከበለጠ አልፏል ብለህ ጻፍ» የምትል አንዲት ምሳሌ ነበረችው፤ እሷንም ሸምድደናት ወጣን።

ሉፑስ? ሉፑማ ሊቃውንቱ ስም ሰጥተው አስቀምጠውታል፤ ዐውድ ይሉታል። ዐውደ ዕለት በ7 ቀን ይዞራል። ዐውደ አበቅቴ በ19 ዓመት፣ ዐውደ ፀሐይ በ28 ዓመት፣ ዐውደ ማኅተም በ76፣ ዐውደ ቀመር በ532። 28 ራሱ የመጣው 7 በ4 ሲባዛ ነው፤ 4ቱ ማቴዎስ፣ ማርቆስ፣ ሉቃስ፣ ዮሐንስ ናቸው። 532 ደግሞ 19 በ28። ዙር በዙር ውስጥ ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲ ስንገባ አስተማሪው ይህንን «ኔስትድ ሉፕ» ብሎ ሲጽፍልን ክፍሉ ሁሉ ፈዝዞ ቀረ። ከመካከላችን ድቁና የተቀበለው ልጅ እንኳ ፈዝዞ ነበር፤ እስከ ዛሬ እንስቅበታለን። ኤ አግኝቶ ያለፈው ሌላው ጓደኛችን ደግሞ በመጀመሪያ የሥራ ወሩ መቆሚያ የሌለው ዋይል ጽፎ ማሽኑን አንድ ሙሉ ጠዋት አሳብዶታል።

አሁን ሁለት ወገኖች ይነሡብናል። ከሁለቱም ጋር ጠብ አለን።

አንደኛው ወገን ፎካሪው ነው። «ተመልከቱ! ፕሮግራሚንግን የፈጠርነው እኛ ነን! ፈረንጅ ከእኛ ሰርቆ ነው!» ይላል። ወንድም ዓለም፣ ተረጋጋ። ባሕረ ሐሳብ በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ በድሜጥሮስ ስም የሚጠራ፣ ከምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ጋር የምንጋራው ስሌት ነው። የ19 ዓመቱን ዑደት ባቢሎናውያን ያውቁት ነበር፤ የአቴናው ሜቶን በ432 ዓመት ቅድመ ልደት ለአገሩ ሰዎች አስታውቋል። ጀርመናዊው ጋውስ በ1800 እ.ኤ.አ. የራሱን የፋሲካ ማስያ አሳትሟል። ፉከራው የሚያናድደን ሐሰት ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ ሥራ ስለሚያስፈታ ነው። የአያቱን ስሌት የሚያሞካሸው ሰው የ2019ን ትንሣኤ አውጣ ቢሉት ስልኩን ነው የሚያወጣው። ዶናልድ ክኑት የተባለው አሜሪካዊ የኮምፒውተር ሊቅ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የታወቀ መጽሐፉ የመጀመሪያ ቅጽ ላይ የፋሲካን ቀን ማስላት ለተማሪዎች መልመጃ አድርጎ አስገብቶታል። እነሱ የእነሱን ወስደው ልጅ አስተማሩበት። እኛ የእኛን ወስደን ፎከርንበት።

ሁለተኛው ወገን ናቂው ነው። ይኼኛው የባሰ ነው፤ ምክንያቱም ወንበር አለው (የባሕረ ሐሳቡን ወንበር አይደለም)። «የድሮ ነገር አታምጡ፤ ዓለም የት ደርሷል፤ ኮዲንግ በእንግሊዝኛ ነው፤ በአማርኛ ካስተማራችኋቸው ልጆቹ ወደ ኋላ ይቀራሉ» ይለናል። እሺ፣ እንመልስለት። ፓይተን የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ለራሱ ያስቀመጣቸው ቃላት 35 ያህል ናቸው። ሠላሳ አምስት! የደባርቅ የገበያ ልጅ ቱሪስት ሲያይ ከዚያ በላይ እንግሊዝኛ ይናገራል። ሌላው ሁሉ አንተ የምታወጣለት ስም ነው። ፊደላችን በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ፓይተንም በ2008 እ.ኤ.አ. ከወጣው 3ኛ እትሙ ጀምሮ ስሞችን በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይፈቅዳል። «መጥቅዕ» ብለህ ጽፈህ ቁጥር ብታስቀምጥበት ማሽኑ ሳያጉረመርም ይቀበልሃል። ማሽኑ የተቀበለውን የማይቀበል ሰው ነው ያስቸገረን።

ደግሞስ በእንግሊዝኛ ማስተማሩ ምን አስገኘ? በ1997 ዓ.ም. ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ገባ። ከመካከላችን ታላላቆቹ በፕላዝማ ተምረዋል። የፕላዝማው አስተማሪ ይናገራል፤ መልመጃ ይሰጣል፤ ጥቂት ደቂቃ ይቆጥርና መልሱን ተናግሮ ያልፋል። ገባህ አልገባህ፣ ጻፍክ አልጻፍክ፣ መብራት ሄዶ መጣ፣ ጉዳዩ አይደለም። ኢፍ የሌለው ፕሮግራም አይታችሁ ካላወቃችሁ ያ ነው፤ ከላይ ጀምሮ ታች ድረስ ቀጥ ብሎ የሚወርድ። «ተማሪው ካልገባው መልሰህ አስረዳ» የምትል አንዲት መስመር ጠፍታ ትውልድ አለፈ። ፕላዝማው ቢቀርም ጠባዩ አልቀረም። ልጁን 12 ዙር አዙረን፣ በየዙሩ ሳንጠይቅ አሳልፈን፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ኢፍ እናስቀምጥበታለን። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ከግማሽ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ። አገር ደነገጠ። ምን ያስደነግጣል? ስሕተቱን በመጀመሪያው ዙር ያልፈተሸ ፕሮግራመር በመጨረሻው ዙር ምን ሊያገኝ ኖሯል?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያና የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥታት የአምስት ሚሊዮን ኮደሮችን ፕሮግራም አስጀመሩ። ነጻ ነው፤ በኢንተርኔት ነው፤ ጨርሰህ ሰርተፍኬት ትወስዳለህ። ሐሳቡን አንነቅፍም፤ ከመካከላችንም የተመዘገብን አለን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ፕሮግራሙ ሲታወጅ በክልላችን በ2015 ክረምት የተዘጋው የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲያስጨንቀን የከረመበት ጊዜ ነው። ኢንተርኔት ያገኘውም ወጣት ቢሆን፣ ቪዲዮውን አሳልፎ፣ የጓደኛውን መልስ ጠቅ ጠቅ አድርጎ፣ ሰርተፍኬቱን ፌስቡክ ላይ ሲለጥፍ በዓይናችን አይተናል። አንዱን «ዋይል መቼ ይቆማል?» ብለን ብንጠይቀው «ሲጨርስ» አለን። አልዋሸም እኮ!

«ባሕረ ሐሳብ የሃይማኖት ነው፤ ትምህርት ደግሞ ዓለማዊ ነው» የሚለንም አይጠፋም። ስሌቱን እንጂ ጾሙን ያዙ አላልንም። ያም ካስፈራ ሌላ ሞልቷል። የሂጅራ አቆጣጠር ስሌት በ30 ዓመት ዙር ውስጥ ለ11 ዓመታት አንድ አንድ ቀን የሚጨምርበት ሕግ አለው፤ የሙስሊም ተማሪ ልጆቻችን ይሥሩት። ይህም አይሁን ከተባለ ዕቁብ አለ፤ ዕቁብ የማይገባው የዳባት ነጋዴ የለም። ዕጣ ያልደረሰው አባል እስካለ ድረስ ብሩን ሰብስብ፤ ዕጣ አውጣ፤ ብሩን ስጥ፤ የደረሰውን ሰው ስም ከዕጣው አውጣ። የባሰ የቸገረው ካለና ማኅበርተኛው ከተስማማ ዕጣው ይለቀቅለት። ዋይልም ኢፍም በአንድ ቆርቆሮ! የመጨረሻዋን ትእዛዝ፣ «ስሙን ከዕጣው አውጣ» የምትለዋን፣ ብትረሳት ምን ይሆናል? አንዱ ደጋግሞ ይበላል፤ ዕቁቡም አያልቅም። ጓደኛችን ማሽኑን ያሳበደው ይህችኑ ረስቶ ነው። ይህንን ለ11ኛ ክፍል ተማሪ ለማስረዳት ስንት ኮምፒውተር ያስፈልጋል?

የምንጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል አንድ ተማሪ ማሽን ይሁን፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ትእዛዝ አንድ በአንድ ይፈጽም፤ ሌሎቹ የት እንደሚታጠፍ አስቀድመው ይናገሩ። ፈተና የምታወጡ መምህራን «ሉፕ ማለት ምንድን ነው?» የሚለውን ተዉትና ኮዱን ሰጥታችሁ «ይህ ምን ይጽፋል?» በሉ። የመጀመሪያው ዓመት ውጤት ይወርዳል። ይውረድ። 18 ከ20 ይዞ ቡናውን ያላወቀ ልጅ ከሚኖረን፣ 9 ከ20 ይዞ የት እንደሳተ የሚያውቅ ይሻለናል።

ወደ እኅታችን እንመለስ። ከቡናው በኋላ ባሕረ ሐሳቡን ሰጠናት፤ በወረቀት፣ በአማርኛ፣ ከሆነ–አለዚያ እያለች ጻፈችው። በ2016 ሞከረችው፣ ሠራ። በ2017፣ ሠራ። በ2018፣ ሠራ። «ጨረስኩ» ብላ ልትነሣ ስትል 2024ን ሞክሪ አልናት። 5500 ሲደመር 7524፤ ለ19 ሲካፈል 396 ደርሶት ቀሪ የለውም። ከምንም ላይ 1 ሲቀነስ ወንበሩ ከዜሮ በታች 1፣ መጥቅዑ ከዜሮ በታች 19 ሆነባት። ጥቅምት ከዜሮ በታች 19 የሚባል ቀን ደግሞ የለም። ተናደደች። ወረቀቱን ይዛ ጎረቤት ካሉት የኔታ ዘንድ ሄደች።

«የኔታ፣ ቀሪ ባይኖርስ?»

«ባይኖርማ 19 እንደተረፈ ቁጠሪው፤ አንዱ ሲነሣ ወንበሩ 18 ነው። ይህንን ሳትይዢ ነው ልታሰይ የተነሣሽው ልጄ?»

ተመልሳ መጣችና ከሁለተኛው መስመር ሥር አንድ ከሆነ–አለዚያ ጨመረች። ወንበር 18፣ መጥቅዕ 12፤ ከ14 ያንሳል። ጥቅምት 12፣ ሐሙስ፣ 3 ሲደመር 15። ነነዌ የካቲት 15። ትንሣኤ ሚያዝያ 24። ከዚያ ማንም ሳያዛት 2025ን ጻፈች፤ ወንበሩ ዜሮ ወጣ፤ እንደገና ተነሥታ ወደ የኔታ ሄደች።